የወንጌላዊ ማናሴ ጉርሜሳ ሕይወትና የድምፃቸው ነገር

ወንጌላዊ ማናሴ ከአባታቸው ከአቶ ጉርሜሳ ኦሊቃ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጤናዬ ገመቹ በሐምሌ ወር 1948 ዓ.ም. በወንጂ የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድምፃቸው ቀድሟቸው ቤት ይገባ ነበር ይባላል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በወንጂ ተማሩ፤ የቀረውን ራሳቸው ለራሳቸው አስተማሩ። ሸንኮራ እየቆረጡ በአማርኛና በኦሮምኛ ይዘምሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በዚሁ መዝሙር ናዝሬት ላይ ታሰሩ። ካድሬው «ዝም በል!» ሲላቸው «ጌታ ዝም በል ያለኝ ቀን ዝም እላለሁ» ማለታቸውን አብረዋቸው የታሰሩት ዛሬም ያወራሉ። እውነትም ቀኑ ሲደርስ ዝም አሉ። ዝም ያላሉት ሌሎች ናቸው።

በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰርክአዲስ ታጠቅ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ኃይለየሱስንና ኦብሴን አፍርተዋል። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሯቸውን አዳማ አድርገው ከደራ ገበያ እስከ መቂ የሽንኩርት ማሳ ወንጌል ሰበኩ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው ይሰሟቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሁለት ዘናጭ ወጣቶች ቤታቸው መጥተው መዝሙረ ዳዊትን ለዓይነ ስውራን እንዲያነቡላቸው ለመኗቸው። ደስ ብሏቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ዓይነ ስውር ያደመጠው ግን የለም። ያደመጠው የሰው ድምፅ የሚያስመስል ማሽን ነው፤ አጥንቶም ጨረሳቸው።

በ2016 ዓ.ም. በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም። ከባለቤታቸው ጋር የሚግባቡት በእጅ ነበር፤ እሺ ሲሉ ደረታቸውን ይነካሉ፣ አይደለም ሲሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው አንዴ ይመታሉ።

በማግሥቱ ዓመት ድምፃቸው በየስልኩ ትንቢት መናገር ጀመረ። «መቂ ላይ እሳት ይወርዳል፤ እርሻችሁን ትታችሁ ውጡ» አለ። የመቂው ገበሬ ገርባ የደረሰ ቲማቲሙን ማሳው ላይ ጥሎ፣ ልጆቹን ይዞ አዳማ ገባ፤ ሊያመሰግናቸውም ቤታቸው መጣ።

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ ወጣሁ! ይበስብስ ቲማቲሙ!»

ጠረጴዛውን መቱ።

«አንተ ገርባ፣ ማንቁርት የሌለው ሰው በምኑ ያናግርሃል?» አሉ ባለቤታቸው።

«እትዬ ደግሞ! ይኸው እያወሩ!» ብሎ ስልኩን ከፈተላቸው። ጋሽ ማናሴ የገዛ ድምፃቸውን እየሰሙ ደግመው ደጋግመው ጠረጴዛውን መቱ። ገርባ ግን «ትሕትናቸው ነው» ብሎ ወጣ።

እሑድ መድረክ ላይ ወጡ። ሻርፓቸውን ፈትተው አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ ለምእመኑ አሳዩ። ያለቀሰ አለቀሰ፤ የሚበዛው ግን ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። በዚያው ዕለት ምስሉ ተለቀቀ፤ ድምፃቸውም «ሰይጣን አፌን ሊዘጋ ያደረገውን እዩ» ይልበት ነበር። ቤተሰቡ ለሕግ አመለከተ። ትንቢቱ የሚለቀቅበት ገጽ ሲዘጋ በሌላ ስም ይከፈታል። በወጣትነታቸው ዝም በል ተባሉ፤ በስተርጅና ዝም ማለትን ተከለከሉ።

በሽታው አገርሽቶባቸው ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ድምፃቸውንም ትተውልን አለፉ ማለት የወግ ነበር፤ ቤተሰቡ አልደፈረም።

ዛሬ ጠዋት ያ ድምፅ «አትቅበሩኝ፤ እነሣለሁ» ብሏል። ከመቂም ከሞጆም በመኪና ተጭናችሁ የመጣችሁት ለቀብር ይሁን ለሌላ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። የትንሣኤን ቀን የሚያውቀው አንድ ነው፤ እሱም ገጽ የለውም። ጋሽ ማናሴ ይቀበራሉ።

ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ወ/ሮ ሰርክአዲስ ክዳኑን በመዳፋቸው አንዴ ይመታሉ። ትርጉሙን ከእንግዲህ ታውቃላችሁ። በኋላ ደግሞ ከውስጥ ተመታ የሚል እንዳይነሣ፣ ዓይናችሁን ከስልካችሁ ላይ አንሡና የመቺዋን እጅ እዩ።

ድምፃቸውን ሰጥቶ የወሰደ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል። ለቀረነው የእረኛውን ድምፅ የሚለይ ጆሮ ይስጠን። አሜን።