ተገልብጦ ስለሚጫወተው የልጄ ካሴት

ሚልበርን፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ.

ለክቡር ፓስተር ቨርነን ስቲክሊ
የአውራጃው የንጹሕ ጆሮ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከጥቅምት ወዲህ ስለ ሮክ ሙዚቃ ርኩሰት በአሥራ አንድ ከተሞች ሲጮኹ መክረምዎን በጋዜጣ አንብቤያለሁና ጤናዎን፣ በተለይም ጉሮሮዎን፣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ማርና ሎሚ አይለይዎት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ዋንዳ ሆልኮም ነኝ። ለብቻዎ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በሥራ ብዛት ሳይነበቡ ቀርተው ይሆናል ብዬ ይህን ሦስተኛውን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ጸሐፊዎ በስልክ "ካሴቱ የኮሚቴው ማስረጃ ነው፣ ወይዘሮ ሆልኮም። በቃ አይጨቅጭቁን!" ስትል ያሳየችኝን ትሕትናም ሳላመሰግን አላልፍም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጄን የትሪናን ካሴት ይመልሱልኝ። ዝርዝሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ባለፈው ጥቅምት "ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ርኩስ ድምፅ አውጡና አቃጥሉ" ብለው ስላስተማሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእርግጥ ልጄ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ግማሽ ራሷን ተላጭታ፣ የቀረውን ፀጉሯን አጥቁራ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላኝ ነበር። "እማ፣ እዚያ እኮ ሰዉ እየሳቀ ነው የሚጠላኝ" ስትለኝ እንደ ድፍረት ቆጠርኩባት። ስለዚህ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ካሴቶቿን ሁሉ በጫማ ካርቶን አድርጌ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ እሳት ወደሚነድበት በርሜል በገዛ እጄ አምጥቼ አስረከብኩዎ። እርስዎም "እናት ማለት እንዲህ ነው!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያን ትከሻዬን እስከ ዛሬ ይበርደኛል።

2. ከካሴቶቹ አንዱ የሱቅ አልነበረም፤ ትሪና በራሷ ጊታር፣ በራሷ ድምፅ፣ በመኝታ ክፍሏ የቀዳችው ነው። ሽፋኑ ላይ የፍየል ራስ ስለተሳለበት የሰይጣን ምልክት ነው ብለው በየስብሰባዎ ማስረጃ እንዲሆን ከእሳቱ አስቀርተውታል። ፍየሉ ፓንኬክ ይባላል። ትሪና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለአውራጃው የእርሻ ትርኢት ያሳደገችው ሲሆን፣ ሁለተኛ በመውጣቱ ሪባኑን አንገቱ ላይ ያሰሩለት ዳኛ እርስዎ ነበሩ። እንደ እርስዎ ያለ ብዙ ኃላፊነት ያለበት ሰው አንድ ፍየል ቢረሳ አይፈረድበትም።

3. ትሪና ካርቶኑን አጥታ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። "የኔንም? እኔ የዘፈንኩትንም?" አለች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ኮሎምበስ ከተማ ጓደኞቿ ዘንድ ሄደች። በጥር ወር የተሳፈረችበት መኪና በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከድልድይ ወደቀ፤ ልጄም ሞተች። በቀብሯ ላይ ስለ ወጣቶች ዓመፅ የሰጡት ትምህርት ብዙዎችን እንደጠቀመ ሰምቻለሁ። እኔ ያን ዕለት ምንም አይሰማኝም ነበርና አልተጠቀምኩበትም።

4. ከዚያ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል። "ድምፁን ቀንሺ!" እያልኩ በሯን ስደበድብ የኖርኩት ሴትዮ አሁን ከሥራ ስመለስ እዚያው በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እቆማለሁ። ፎቶግራፍ ስላለኝ መልኳ አይጠፋኝም፤ ድምፅዋ ግን በየቀኑ እየራቀኝ ነው። እሱን ፍለጋ ነው በመጋቢት ወር ጎረቤት ከተማ ያደረጉት ስብሰባ ላይ መጥቼ ከኋላ የተቀመጥኩት። በሮክ ዘፈን ውስጥ የተደበቀው የሰይጣን ቃል የሚሰማው ተገልብጦ ሲጫወት ነው ስለሚሉ፣ የድምፅ ሠራተኛዎ ወንድም ዴልበርት የካሴቱን ክር ገልብጦ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫወተው። በመጀመሪያ የታነቀ የሚመስል ሳቅ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ከባድ የሴት ድምፅ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሲጥ የሚል ነገር ተሰማ። እርስዎም እጅዎን አንስተው "ሰማችሁ? 'ኑ፣ ለእኔ ስገዱ' ነው የሚለው! ይሄ የሰው ጉሮሮ አይደለም!" አሉ። ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት አለቀሱ።

የእኔ ጉሮሮ ነው፣ ክቡርነትዎ። ሲጥ ያለውም የወጥ ቤቴ በር ነው። ትሪና ዘፈኗን ልትጨርስ ስትል በሩን ከፍቼ "ትሪና! ነይ ብዬሻለሁ፣ መኮሮኒው ቀዘቀዘ!" ብዬ ጮኼባት ነበር። እሷም "እማ፣ አበላሸሽው እኮ!" አለችና ሳቀች፤ አላጠፋውም፣ እንዲህ ይሻላል ብላ ተወችው። አዳራሹን ያንቀጠቀጠው ጋኔን እራት ያቀረበች እናት ናት።

5. ከዚያ በኋላ የልጄ ዘፈን ቀጠለ፤ እሱም ተገልብጦ። ድምፅዋ እንደሆነ አወቅሁ፣ ግን አንድም ቃል ሊገባኝ አልቻለም። በሕይወት ሳለች በሯን ገፍቼ "እስቲ ምን እያልሽ ነው?" ብያት አላውቅም። ልጄ ምን ብላ እንደዘፈነች ሳላውቅ እንዳልሞት እፈራለሁ። ይህን በጋዜጣ መናገር አሳፋሪ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ስለ ጆሯችን ንጽሕና ለሚደክሙት ድካም ሁሉ ወሮታውን ፈጣሪ እንዳየው መጠን እንዲከፍልዎ እየተመኘሁ፣ ካሴቱን በቤቴ አድራሻ እንዲልኩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ትእዛዝዎን ከሁሉ ቀድማ የፈጸመችው ምእመንዎ
ዋንዳ ሆልኮም
የትሪና እናት

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወር በእኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ እንደሚሰበስቡን ማስታወቂያው ላይ አይቻለሁ። እስከዚያ ካሴቱ ካልደረሰኝ ጋኔኗ ከፊት ወንበር ትቀመጣለችና ቦታ ይያዝልኝ። ድምፄ ሲመጣ ተነስቼ ያን ቀን የጮኽኩትን ቃል በቃል ለሕፃናቱ እደግምላቸዋለሁ፤ እነሱን የሚያስፈራ ምንም ነገር የለበትም። የምፈራው እኔ ነኝ፤ ልጄን ስሟን ጠርቼ ስጨርስ አዳራሹ ውስጥ የሚመልስልኝ አይኖርም።