የዳንጊሴ የቆጮ ጉድጓድ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
የስድስተኛ ክፍል የግብርና ፈተና አረምኩ። አርባ ሁለት ወረቀት... ዓይኔ ደከመ። ሚስቴ ዳንጊሴና የሰፈሩ ሴቶች ጓሮ እንሰት ሲፍቁ ዋሉ። ውሃ ልቀዳ ብወጣ ጎረቤታችን ላሚቴ፣ "የቦንሳ አባት፣ ምን ጠፋብህ እዚህ? ቀሚስ እናውስህ?" አለችኝ። ሳቁብኝ። ሚስቴም አብራ። የዓመቱ ምግባችን እንዲቦካ ጉድጓድ ገባ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ዳንጊሴ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቷም ተያዘ። ሐዋሳ ሆስፒታል ተኛች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ላሚቴ መጣች።
"የጉድጓዱ ቆጮ ካልተገላበጠ ይበላሻል።"
"አንቺ ክፈቺዋ።"
"ባለቤቷ ሳትል? እርሾው ከእናቷ የመጣ ነው። መድረሱን አሽትታ የምታውቀው እሷ ናት።"
ሠላሳ ዓመት ግብርና አስተምሬ... የራሴን ጓሮ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
ድንጋዩን አንስቼ ቅጠሉን ገለጥኩ። ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ሳይ ነበር። አፈርኩ። አንድ እፍኝ በቅጠል ጠቅልዬ ሐዋሳ ወሰድኩ። ነርሷ፣ "አባባ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለችኝ። ዳንጊሴ አፍንጫ ሥር አስጠጋሁት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከዚያ ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች። አልደረሰም። ግራ እጇን ገልበጥ መለስ አደረገች። ገባኝ። ተመልሼ አገላበጥኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27
ደግሞ ወሰድኩላት። አልደረሰም። መኪና ውስጥ ራሴ አሸተትኩት። ከኮምጣጣው ሥር የእርጥብ ሣር ሽታ አለ። እሱ እስኪጠፋ ይሆን የምትጠብቀው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2
ደከመኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
እንደገና ደም ፈሰሰባት። ሐኪሙ፣ "ቤቷ ብትሆን ይሻላል" አለኝ። ምን ማለቱ ነው? አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20
ቤት ነን። ጠዋት እፍኙን አስጠጋሁላት። ገና አፍንጫዋ ሳይደርስ ራሷን ዝቅ አድርጋ አዎ አለች። ደርሷል። ፈገግ አለች።
እኔ ግን ቀድሜ አሽትቼው ነበር። የሣሩ ሽታ ገና አልጠፋም። ምናልባት ተሳስቼ? ደግሜ አሸተትኩ... አለ። ትንሽ ቆይቼ ሳሙና አስጠጋሁላት። አሁንም አዎ አለች።
ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ስንቱን ሳልጠይቃት ቀረሁ?
"እሺ፣ ደርሷል" አልኳት። ጉድጓዱን ሸፍኜ ድንጋይ ጫንኩበት። ላሚቴ ጋ ሄጄ ቆጮ ለመንኳት።
"ያንተስ?"
"አንድ ሳምንት ይቀረዋል።"
"ማን አለ?"
"እኔ።"
ትንሽ አየችኝና ጋግራ፣ በቅቤ ለውሳ ሰጠችኝ። ዳንጊሴን "የራስሽ ነው" እያልኩ አጎረስኳት። ሁሉንም በላች።