ጉተማ ጌዶ ላይ የዘፈነበት ቀን

ሰኞ፣ ግንቦት 14 ቀን 2015፣ አምቦ

ከምሳ በኋላ ቢሮ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አዘጋጁ በዛሬዋ ቀን የትኛው ካሴት እንደወጣ፣ የትኛው ባንድ እንደተመሠረተ ሲዘረዝር አላስቻለኝም፤ ደወልኩ።

«በዛሬዋ ቀን ባለቤቴ ጉተማ ለእኔ ብሎ የደረሰውን ዘፈን ጌዶ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነ» አልኩት።

«በካሴት ወጥቷል?»

«አልወጣም። ሳያስቀዳው አረፈ።»

«እስቲ እርስዎ ይዝፈኑልን» አለኝ። ዘፈንኩ። ሁለት ስንኝ እንዳልኩ ሦስተኛው ጠፋኝ፤ አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የጉተማ እናት አዴ ጫልቱ ናቸው፣ ከጌዶ። ከቀብሩ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ተነጋግረን አናውቅም።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሰማሁሽ። ቀጥሎ እንዲህ ነው የሚለው» ብለው በደከመ ድምፃቸው እስከ መጨረሻው ዘፈኑልኝ። ጉተማ ቃል ሲጎትት ያ አጎታተቱ ከእሳቸው እንደመጣ ዛሬ ገና አወቅሁ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እንዴት ናፈቀኝ!

«እኔም እየረሳሁት ነው» አሉኝ። «ሳልረሳው ቅዳሜ ነይና ጻፊው።»

እሺ አልኳቸው። የጌዶ መኪና ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነገ መጠየቅ አለብኝ።