የጉለሌ ተወካይ የላምባ ጥያቄ

ሰኞ

ላምባ ደረሰኝ። በጠርሙስ አይደለም፤ በጥያቄ ነው።

የሸንጎ አባላት ዛሬ በየቡድናችን ተሰብስበን ነገ ለጓድ ሚኒስትሩ የምናቀርበውን ጥያቄ ተከፋፈልን። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥያቄው ተጽፎ ይመጣል። መልሱም ተጽፎ ለሚኒስትሩ ቀድሞ ሄዷል። የእኛ ድርሻ ድምፅ ማዋጣት ነው። ጠያቂው ይነሳል፣ ያነባል። ሚኒስትሩ ያነባሉ። ሰብሳቢው «ጠያቂው ረክተዋል?» ይላሉ። ጠያቂው «ረክቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ጭብጨባ። ይህን ለማበላሸት ልዩ ተሰጥኦ ያስፈልጋል።

ሳሙና አጠገቤ ለሚቀመጡት የገበሬ ተወካይ ደረሰ። ከሩቅ አውራጃ የመጡ፣ ከጋቢያቸው የማይለዩ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ እሳቸው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እኔ። ሳሙናም ላምባም የሚታደለው በእኚሁ ሚኒስትር በኩል ነው። የእኔ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የላምባ ሥርጭት ለሰፊው ሕዝብ በተሟላ ሁኔታ እንዲዳረስ እየተደረገ ያለውን ከፍተኛ ጥረት ጓድ ሚኒስትሩ ቢያብራሩልን።» ጥያቄ ይሁን ምስጋና ለመለየት ደጋግሜ አነበብኩት።

ወደ ቤት ስወጣ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ጀሪካኖቹ እንደተለመደው ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው ቤታቸው ናቸው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው የሌላውንም ይጠብቃሉ።

«አንተ ደምሴ፣ እውነት ነው ነገ ስለ ላምባ የምትጠይቅልን?»

«ማን ነገርዎት?»

«አስካለ ናታ።» ሚስቴ ምስጢር አታሳድርም። «እንግዲህ ጠበቅ አድርገህ ጠይቅልን። ቡታጋዙ ከደረቀ ስንት ጊዜው። እንጦጦ ቅጠል ለቀማ ብንወጣ ጥበቃዎቹ ገመዳችንን ሳይቀር ይቀሙናል። ሽሮውን ጥሬውን ልንቅመው ነው?»

«እሺ እትዬ።»

ሌላ ምን እላለሁ? የመረጡኝ ለመርፌዬ ነው። የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፤ ከቀጨኔ እስከ እንጦጦ ግርጌ ያልወጋሁት ሰው የለም። ሰው መቀመጫውን ላየበት ሰው የተለየ አክብሮት አለው።

ማክሰኞ

እጄ ይንቀጠቀጣል። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ የሚጠይቀኝ ካለ እንዳልቀላቅል።

ከስብሰባው በፊት ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዶክተር» አሉኝ፤ ድሬሰር ነኝ ብላቸውም አይተዉም። «የሆቴሉ ፓስታ ሆዴ ውስጥ ሲሚንቶ ሆኗል። እዚህ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ሽንት ቤቱን አላውቀውም።» ለደረቀ ሆድ የሚሆን ኪኒን ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ሰጠኋቸው። «ማታ ሲተኙ ነው የሚውጡት» አልኳቸው። እሳቸው ግን እዚያው በሻይ ዋጡት። አየሁ። ምን ላድርግ፣ ከጉሮሮ አላወጣ!

ተራቸው ሲደርስ ወንበራቸው ባዶ ነው። ሰብሳቢው ስማቸውን ጠሩ። ቀጥለው የእኔን ጠሩ። ተነሳሁ፣ አነበብኩ። ድምፄ ሳይቀር አማረ። ጓድ ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ከፊታቸው ካለው ክምር የላይኛውን ወረቀት አነሱ፣ ስለ ሳሙና አነበቡ። ስለ ሞራው፣ ስለ ኮስቲክ ሶዳው፣ ስለ ፋብሪካው ወዛደሮች ወኔ። በየተራው ተደራርቦ የቀረበላቸውን ነው ያነበቡት፤ አንድ ጠያቂ መጉደሉን ማንም አላሰበበትም። አዳራሹም አልደነገጠም። የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር ይደነግጥ ነበር። አጨበጨቡ።

«ጠያቂው ረክተዋል?» አሉ ሰብሳቢው።

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አፌን የከፈትኩት «ረክቻለሁ» ልል ነው። የወጣው ግን «ጓድ ሚኒስትር፣ ሳሙና አይነድም» የሚል ነው።

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ቀጥሎ አዳራሹ። የገደለኝ ሳቁ ነው። ብቻዬን ብሳሳት ስህተት ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስቅ ግን ሌላ ስም አለው።

ጓድ ሚኒስትሩ አልሳቁም። ወደ ረዳታቸው ዘንበል ብለው «ይሄ ጓድ ከየት ነው?» አሉ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። «ከጉለሌ» አለ ረዳቱ። የሰፈሬ ስም እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ይሄኔ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥህ። ምን አመለጠኝ?»

ቤት ገብቼ ወንጀሌን ቆጠርኩ። አንድ፣ የሕዝብ ተወካይ በኪኒን ከአዳራሽ አስወጥቻለሁ። ሁለት፣ ሚኒስትር አርሜያለሁ። ሦስት፣ አሳቅቻለሁ። ለየብቻ ሲታዩ ምንም አይደሉም፤ አንድ ላይ ሲሆኑ አሻጥር ይባላሉ።

ለአስካለ ነገርኳት። «ሳሙና ምን አልክ?» አለች። ደገምኩላት። ቁጭ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው መቀመጫ ከምትወጋ ያንን አፍህን ወግተህ ብታደነዝዘው ምን አለ?» ከዚያ ይሄን የምጽፍበትን ደብተር አይታ «እሱንም አቃጥለው» አለች።

«በምን?» አልኳት።

አልሳቀችም።

ረቡዕ

ትናንት ማታ ራዲዮው የሳሙናውን መልስ አንብቧል። ጥያቄውን ዘሎታል። አስካለ «ይኸው፣ አለፈ» አለች። እኔም አለፈ ብዬ ሥራ ገባሁ።

የመጀመሪያው በሽተኛ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ እንደተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ዶክተር፣ ሳሙና አይነድም አሉ?» አለኝ። መርፌው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ማን ነገረው? ሾፌር ይሁን፣ ሻይ የምታቀርበዋ ትሁን፣ ራሳቸው የተከበሩት አባላት ይሁኑ እንጃ። ጠንከር አድርጌ ወጋሁት፤ ዝም አለ። ቀጣዩም ያንኑ አለኝ። ሰውን ሁሉ ወግቼ ዝም ማሰኘት አልችልም።

እኩለ ቀን ላይ በሱቁ በኩል ሳልፍ እትዬ ጥሩነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «አንጀቴን አራስከው! የኛ ጀግና!»

«እትዬ፣ በማርያም፣ ድምፅዎን...»

«ምን አጠፋሁ? አይነድማ!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። እንደ ሰኞው ጀሪካን ብቻ ቢሰለፍ ኖሮ!

ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ላንድሮቨር ቆመ። ውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አይወርዱም። እዚያ ጋ ጎሚስታ ቤት ስላለ ጎማ ሊያስጠግኑ ይሆናል። ጎማውን ግን ማንም ሲነካው አላየሁም። በጓሮ በር ወጥቼ፣ በቁልቁለቱ ዞሬ፣ በሰው ግቢ አቋርጬ ቤቴ ገባሁ። አንድ የተከበረ የሸንጎ አባል የዶሮ ቆጥ ተደግፎ ሲሻገር ያየ ዶሮ ብቻ ነው።

ሐሙስ

መጣ።

የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ደህና ሰው ነው፣ ባለፈው ክረምት የሳንባ ምች መርፌውን እኔ ነኝ የጨረስኩለት። «ጓድ ደምሴ፣ ነገ ጠዋት ሸንጎው ጽሕፈት ቤት ትፈለጋለህ። በስልክ ነው የተነገረን።»

«ለምን?»

«አላሉም።»

«ድምፁ እንዴት ነበር? የተቆጣ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «የስልክ ድምፅ ነው» አለ።

አስካለ ሰማች። ያኔ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሟን ከዚሁ ቤት «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው ነው የወሰዱት። አምስት ደቂቃው እስካሁን አላለቀም። በዚህ ቤት «ትፈለጋለህ» የሚለውን ቃል ማንም በቀልድ አያነሳውም፤ እኔም ጭምር።

ወደ ጓዳ ገብታ ጥቅል ይዛ ወጣች። ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ በሶ፣ የጥርስ መፋቂያ።

«ምን አስቸኮለሽ?» አልኩ።

«እሱን ሹራብ እንኳን አላስያዝነውም» አለች።

ጥቅሉን ተቀበልኳት። ከዚያ የሚረባ ነገር ስላጣሁ «ሳሙናስ?» አልኳት።

«የለንም።»

እውነቷን ነው። ላምባም የለንም፣ ሳሙናም የለንም። ለካ ጓድ ሚኒስትሩ የትኛውን ቢያነቡ ለውጥ አልነበረውም።

አመሻሹ ላይ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ሄድኩ። የሸንጎ አባል ቤተ ክርስቲያን መታየት አያምርበትም፤ ከአጥሩ ውጭ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ ተሳለምኩ። ስለት ሁሉ ተሳልኩ። የተሳልኩትን አልጽፍም፤ ቢያገኙት የጓድነት ደረጃዬን ይቀንሰዋል። ከጎኔ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። የቀበሌያችን የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ነው። ተያየን። እንደተጎነበስን ተለያየን።

ዓርብ

ተመለስኩ። መጀመሪያ ይሄ ይጻፍ። ተመለስኩ።

ኃላፊው ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ።

«ጥቅሉ ምንድን ነው?» አለ።

«ብርድ ልብስ ነው ጓድ።»

«በረደህ?»

«አዎ ጓድ።»

አላሾፈም። ወረቀት አገላበጠ። «ማክሰኞ ዕለት ስለምን ነበር የጠየቅከው?»

«ስለ ላምባ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሻዩን አየሁ። ዝንብ ገብታበታለች፤ ልቤ ከዝንቧ ጋር ነበር።

«ጓድ ደምሴ፣ እንደሰማኸው መልሱ በራዲዮ ተነቧል። በአገር ሙሉ። መልሱ ስለ ሳሙና ነው። በራዲዮ የተነበበ መልስ አይለወጥም። ስለዚህ...» እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ የቀረውን እኔ እንድሞላው።

«የሚለወጠው ጥያቄው ነው» አልኩ።

«ጎበዝ።»

ቃለ ጉባኤው ተተይቦ አልቋል፦ የጉለሌው ተወካይ ጓድ ደምሴ ስለ ሳሙና ጠየቁ፤ ጓድ ሚኒስትሩ አብራሩ፤ ጠያቂው ረኩ።

«ሳቁስ?» አልኩ። አፌ አሁንም አልተማረም።

«ሳቅ አልነበረም። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነው የነበረው።»

ብዕሩን ሰጠኝ። ልፈርም ስል «ቆይ፣ አንድ ነገር ቀረ» አለ። «አጠገብህ ያሉት ሽማግሌ ለምን ከአዳራሽ ወጡ?»

ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። «እ... ማለቴ...»

«ጠይቀናቸዋል። የሆቴሉ ፓስታ ነው ብለዋል። ሌላ ምንም አልቀመስኩም ብለው ምለዋል። አንተ የሕክምና ሰው ነህ፤ ፓስታ እንደዚያ ያደርጋል?»

ሽማግሌው! ጋቢያቸውን ልሳምላቸው። አንድም ቃል አላወጡም።

«ያደርጋል ጓድ» አልኩ። «በተለይ ሲቆይ።» ምንም ያልበደለኝን ፓስታ ወነጀልኩ።

ፈረምኩ። ከዛሬ ጀምሮ ከጉለሌ ስለ ላምባ የጠየቀ ሰው የለም። ማክሰኞ ሲንቀጠቀጥ የዋለው እጄ ለዚህኛው ቀጥ አለ፣ ፊርማዬም አምሮ ወጣ። ያሳፈረኝ እሱ ነው። ግን ፈረምኩ፤ ቤቴም ገባሁ።

አስካለ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቅሉን ከእጄ ተቀበለች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በዚያው ጥቅል ጀርባዬን መታችኝ።

ቅዳሜ

ምንም። ላንድሮቨሩ የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ሹራቤን እፈልጋለሁ። እትዬ ጥሩነሽን ላለማግኘት በላይኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

ሰኞ

ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ፦ «የተከበሩ ተወካያችን ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት አቅርቦት ስለደረሰ ነዋሪዎች በሱቁ እንድትገኙ!» ሰፈሩ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወረደ። እኔንም እየጎተቱ ወሰዱኝ። መንገድ ላይ አንዷ እልል አለችልኝ።

የጭነት መኪናው ሸራ ተገለጠ። ሳሙና። ካርቶን በካርቶን።

ከነጀሪካናቸው ቆመው ካርቶኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ «የጠየቅከው ላምባ አይደለም እንዴ?»

የፈረምኩትን አሰብኩ። ለስላሳውን ድምፅ አሰብኩ። «ሳሙና ነው እትዬ» አልኩ። «የጠየቅኩት ሳሙና ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ዕድሜያቸው ብዙ አይቷል፤ ፊቴ ላይ ያለውን ያጡታል ብዬ አላስብም። ስድብ ጠበቅኩ። እሳቸው ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝና ቁም ነገር እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ገባኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው ለካ። በቃ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሳሙና ጠይቅልን። ያኔ ላምባው ይመጣል።»

በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሰሙ። ሳቁ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንደ አዳራሹ ተጋባ። እኔም ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልስቅ ጥርሴ ተገለጠ። ቀና ስል የመኪናው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያየናል። የሰፈራችን ሰው አይደለም።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ ጓዶች?» አለ።

«ደስታ ነው» አልኩት። «የሳሙና።»