ቀርፋፋ ተብሎ ስለታሰረው ገመድ

ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለተከበሩ የሞባይል ዕቃዎች ደረጃና ፍጥነት ተቆጣጣሪ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ማኅተምዎን ለይቼ ማንሳቴ በዚህ ወር ከዴስኩ ባልደረቦች ሁሉ አንድም ቀን ሳያርፍ የሠራው እሱ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኔ በሲቀላ ገበያ የስልክ ገመድ፣ ቻርጀርና መሰል ዕቃ እየሸጥኩ ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየሁ ነጋዴ ነኝ። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ውሎ በደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚያው ደብተር የተገለበጠ ስለሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱ ላይ ጥርጣሬ ካደረብዎ ደብተሩን ይዤ መቅረብ እችላለሁ፤ እሱንም ስቲከር ለጥፈው እንዳያስቀሩብኝ ግን በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በሚያዝያ ወር ያወጡትን ማስታወቂያ ይመለከታል። ጫፋቸው አንድ የሆነ ገመዶች ሁሉ አንድ ደረጃ እንዳላቸው የሚገልጸውን ያንን ወረቀት በሱቄ በር ላይ ለጥፌ አክብሬዋለሁ። ከዚያ በፊት ባለማወቅ፣ ታይፕ ሲ የሚባለው ሞላላ ጫፍ የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ እንጂ በገመዱ ውስጥ ያለውን ሽቦ አይናገርም ብዬ አምን ነበር። አንዱ ገመድ ኤሌክትሪክ ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላው ፎቶና ቪዲዮም ያሳልፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ ከሁለተኛው ዐሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ያሳልፋል እያልኩ ደንበኞቼን ሳሳስት ኖሬአለሁ። ሦስቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ከዶርዜ ሸማኔ በገዛሁት ክር ለመጀመሪያው ጥቁር፣ ለሁለተኛው ቀይ፣ ለፈጣኑ ቢጫ አስርባቸው ነበር። ባለሙያዎችዎ ክሩን «ያልተፈቀደ ጌጥ» ብለው መዝግበው በመቀስ ቆርጠው ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። መደርደሪያዬ አሁን ንጹሕ ነው፤ የትኛው ገመድ የትኛው እንደሆነም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ የድሮውን ቀጭን ጫፍ ያላቸውን ገመዶች «ዘመን ያለፈባቸው» ብለው ከሽያጭ ስላገዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በኩልፎ ወንዝ ዳር በሙዝ እርሻ ላይ የሚሠሩት ደንበኞቼ የያዙት ስልክና የእጅ ባትሪ ሁሉ ያንን ጫፍ የሚፈልግ ነው። ሰዎቹ ማስታወቂያዎን ሳነብላቸው በጸጥታ አዳመጡኝ፤ አንደኛው ብቻ፣ ዴስኩ ገመዱን ሲከለክል ስልኩንም አብሮ ይለውጥልን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለክብርዎ አስተላልፋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁለት አሁን አስተላልፌአለሁ።

ሦስተኛው ነገር ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ግንቦት 5 ቀን የዴስክዎ ባለሙያ አቶ ጌታነህ ለፍጥነት ፍተሻ ወደ ሱቄ መጡ። ሐጅ አድርጌ ባላውቅም እሳቸው ሐጂ ብለው ይጠሩኛል፤ ስለ አክብሮታቸው አመሰግናለሁ። ፍተሻውን ያካሄዱት በራሳቸው ስልክ ነው። ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ የነበረውን ስልካቸውን በአምስት ገመዶች ተራ በተራ፣ በእያንዳንዱ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ቻርጅ አደረጉና በየተራው የተጨመረውን በመቶኛ ጻፉ። የመጀመሪያው ገመድ ሃያ አራት፣ ሁለተኛው ዐሥራ ስምንት፣ ሦስተኛው ዐሥራ ሁለት፣ አራተኛው ስድስት ጨመረ። አምስተኛው፣ ማለትም ቢጫ ክር የነበረበት፣ ስልኩ ዘጠና አንድ በመቶ ከሞላ በኋላ ተሰክቶ ሁለት ብቻ ጨመረ። ባትሪ እየሞላ ሲሄድ ቀስ ብሎ እንደሚቀበል፣ የገመዶቹም ደረጃ በተሰኩበት ቅደም ተከተል ልክ መውጣቱን በትሕትና አመለከትኩ። ይህ ገመድ የሚፈጥነው ፋይል በማሳለፍ እንጂ ባትሪ በመሙላት እንዳልሆነም ጨመርኩ። አቶ ጌታነህ ፍጥነት ፍጥነት ነው ብለው፣ ለመጀመሪያው አረንጓዴ «ፈጣን»፣ ለመጨረሻው ቀይ «ቀርፋፋ» የሚል ስቲከር ለጠፉና ቢጫ ክር የነበረባቸውን ሦስቱንም የሱቄን ገመዶች በከረጢት አሽገው ወሰዱ። ባለቤቴ ሰኪና ነገሩን ስትሰማ፣ ቀድመህ እሱን አቀብለሃቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንደኛ ይወጣ ነበር አለችኝ። ለሚቀጥለው ፍተሻ ምክሯን እጠቀምበታለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጊዜዎን አልወስድም ነበር። ግንቦት 11 ቀን ግን ወይዘሮ አሰፋሽ የተባሉ ሴት ከኦቾሎ ወርደው ወደ ሱቄ መጡ። አባታቸው ባለፈው ጥር ነው ያረፉት። ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት አንድ የእንሰት ጓሮ ለሴት ልጃቸው መስጠታቸውን በሁለት የአገር ሽማግሌዎች ፊት ተናግረው፣ ድንበሩንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው እየዞሩ አሳይተው ነበር። አንድ ዘመድ ያንን ሁሉ በወይዘሮ አሰፋሽ ስልክ፣ ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በቪዲዮ ቀርጾታል። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከዚያ ወዲህ ሞተዋል፣ ሌላው ማየትም መስማትም ደክሟቸዋል። ወንድማቸው አቶ ኤርጫፎ ደግሞ ጓሮው የእኔ ነው ብለዋል። ጉዳዩ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት አደባባይ፣ በዱቡሻው፣ ሊታይ ተቀጥሮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ድምፅ ብቻ አይበቃንም፣ ድንበሩን ሲዞሩ እንይ ብለዋል።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጥሩ ዘር ነው፤ በፈጣን ገመድ ፈጥኖ ከሚሰጡት ወገን ነው። ግን ወድቆ መስታወቱ ከግማሽ በላይ ጠቁሯል፣ ባትሪውም አብጦ ጀርባውን ገፍቶታል። ከበራ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሙቀት ይጠፋል። የሚተካው ባትሪና መስታወት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቅዳሜ ያልፋል። ቪዲዮው አንድ ፋይል ሲሆን ሃያ አራት ጊጋባይት ነው፤ ግልበጣው ከመሀል ከተቋረጠ የተገለበጠው አይከፈትም። አረንጓዴ ስቲከር ያለበት ፈጣን ገመድዎ ያንን ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ቀይ ስቲከር ያለበት ቀርፋፋው ገመድ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ክብርዎ ስሌት እንደማይወዱ ከማስታወቂያዎችዎ ስለተረዳሁ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

ማክሰኞ ጠዋት እስከ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ድረስ ወጥቼ እንደኔው ዓይነት ሱቅ ያላቸውን ሁሉ ጠየቅሁ። ያ ገመድ የነበራቸው ሁለት ነጋዴዎች የነሱም ታሽጎ መወሰዱን ነገሩኝ። ስለዚህ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ትሁት በጨዋነት ተቀብለው፣ ገመዱ በምርመራ ላይ መሆኑን ነገሩኝ። ከረጢቱ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ምርመራው ጸጥ ያለ ነው። ዕቃውን ልውሰድ አላልኩም። ስልኩንና ላፕቶፑን እዚያው አምጥቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ፣ እሳቸው እያዩ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ልሰካው ብዬ ለመንኩ፣ ለምን እንደሆነም አስረዳሁ። ወይዘሪት ትሁት እያዘኑልኝ ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የክብርዎን መልስ ያለ አስተርጓሚ ለመስማት ታደልኩ።

«ፈጣኑን ትቶ ቀርፋፋውን የሚለምን ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ይህን ቃልዎን በዚያው ቀን በደብተሬ አስፍሬዋለሁ። ቆይቼም ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ማመልከቻው ላይ አባሪ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ አባሪ ጨመርኩ፤ ረቡዕ ጠዋት ይዤ ስመለስ ማኅተም ያዡ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ወይዘሮ አሰፋሽን አስፈቅጄ በአረንጓዴው ሞከርኩ። ሌላ ምርጫ አልነበረንም፤ ያለ ገመድ፣ በአየር መላክ ከዚህም ይዘገያል። ግልበጣው ሰባ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠፋ። በቬንቲሌተር ፊት አቀዝቅዘን ሐሙስ ደገምነው፤ ስድሳ አራት ላይ ጠፋ። ዓርብ ጠዋት እንደገና ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ኃላፊው ለመስክ ሥራ ስለወጡ ሰኞ ተመለስ ተባልኩ። ከሰዓት ወይዘሮ አሰፋሽ የመጨረሻ ይሁን፣ ሞክረው አሉኝ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ጠፋ፤ የጀርባው ክዳንም ተላቅቆ ተነሳ። ከዚያ በኋላ አልበራም። ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬም ቢከፍተው የውስጡ ሰሌዳ በሙቀት መበላሸቱን ነገረኝ። ወይዘሮ አሰፋሽ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት፤ እኔንም አመስግነውኝ ሄዱ። በዚህች ከተማ ዘንድሮ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ልሸከመው የከበደኝ ያ ነው።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ኦቾሎ ወጣሁ። ቪዲዮ አለ ብለው አስቀጥረው ባዶ እጃቸውን ሲቀርቡ ውሸታም እንዳይባሉ፣ እኔ ቆሜ ልናገር ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ አደመጡኝ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ስቲከሩና ስለ ዴስክዎ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ታዲያ ቀርፋፋ የተባለው ፈጣን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለክብርዎ ስም ስል አላውቅም አልኩ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ ኤርጫፎ ዞሩና፣ አባትህ ለእህትህ አልሰጡም በል፤ እዚሁ መሐል ላይ ቆመህ በል አሏቸው። የጋሞ ሰው በዱቡሻ ቆሞ ሐሰት አይናገርም፤ ከተናገረ የሚመጣው ነገር ለልጆቹም እንደሚተርፍ ያምናል። አቶ ኤርጫፎ ተነሥተው ወደ መሐል ወጡ። ከዚያ ሲሰጣት አይቻለሁ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሁሉም ነገር ያለቀው በሰባት ደቂቃ ነው። ያለ ስቲከር፣ ያለ አባሪ፣ ያለ ማኅተም ነበር።

እንግዲህ ምን ጉዳት ደረሰ ሊሉኝ እንደሚችሉ ይገባኛል። እኔም ስንመለስ ለወይዘሮ አሰፋሽ ይህንኑ ብዬ ነበር። ጓሮው የእርስዎ ሆነ፣ ደስ ይበልዎት አልኳቸው። እሳቸውም ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦

«ጓሮውስ ሆነ። ወንድሜ፣ እኔ ግን ያባቴን አረማመድ ደግሜ ላይ ነበር። ፎቶ እንኳ የለኝም እኮ።»

ክብርዎ በመልስ የተካኑ ስለሆኑ፣ ለሳቸው የሚሆን አንድ አጭር መልስ ቢልኩልኝ እስከ ኦቾሎ አደርሳለሁ። በአረንጓዴ ስቲከር ቢሆንም ቅር አይለኝም።

ስለዚህ በደብዳቤዬ መጨረሻ፣ ዴስክዎ ሕዝቡን ከቀርፋፋ ገመድ ለመከላከል ስላደረገው ትግል፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ጸጥተኛው ምርመራና ስለ መስክ ሥራው ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ወደፊትም ዴስኩ ሚዛንን በቀለሙ፣ ሰዓትን በማሰሪያው መመርመር በሚጀምርበት ጊዜ የመጀመሪያው ተመርማሪ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ።

የፈጣን ውሳኔዎችዎ ቀርፋፋ ታዛዥ በመሆን፣ ከጫማዎ በታች ካለው ወለል አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ ከማይከፈተው የማመልከቻ ፋይልዎ ጋር በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሙከሚል ኸሊፋ
የስልክ ዕቃ ነጋዴ፣ ሲቀላ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለማባዛት በሰጠሁ በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 27፣ ሦስቱ ገመዶች በአቶ ጌታነህ እጅ ተመለሱልኝ። አባሪ ተብሎ የመጣው ወረቀት፣ በተደረገው ጥልቅ ምርመራ በዕቃዎቹ ፍጥነት ላይ ምንም ችግር እንዳልተገኘ ይገልጻል፣ ስለ ትዕግሥቴም ያመሰግናል። ከሦስቱ አንዱን ያለ ዋጋ ለወይዘሮ አሰፋሽ ላክሁላቸው። ትናንት በኦቾሎ መኪና መልሰው ላኩት፤ ሾፌሩ የነገረኝ መልእክት ይህ ብቻ ነው፦ «ለኃላፊው ይስጥልኝ። እኔ የምሰካበት የለኝም።» ስለዚህ ገመዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ፤ ሲደርስዎ ይፈርሙልኝ።