ዝም የማይለው ቧንቧ

ሃልቮር፣ አንተ ነዝናዛ፣

የሚኒሶታን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖች፣ እነዚያን ነፋስ በቧንቧ እየነፉ የሚዘምሩ ትልልቅ መሣሪያዎች፣ ታሪክ ከሚመዘግቡት በጎ ፈቃደኞች ጋር እዚህ ገጠር መጥቼ ግራ ገብቶኛል። የኛ ሰፈሩ ኦርጋን ካልነኩት አይናገርም፤ የዚህኛው አንድ ቧንቧ ግን እንዳንተ ሳይጠየቅ ይጮሃል። «ተበላሽቷል» ብዬ ልጽፍ ስል ኦርጋን የሚጫወቱት ወይዘሮ ሶልቬግ እጄን ያዙ።

«እንዲህ ካልክ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ነቅሎ ይሸጠዋል! መዝሙር የምንጀምረው በሱ ድምፅ ነው።»

«በሽታ እኮ ነው፣ እመቤቴ!»

«በስብከት መሃል ማንኮራፋትህስ? ማን ሸጠህ?»

እልህ ይዞኝ ልክ መዝሙር ሊጀመር ሲል ቧንቧውን በጨርቅ ብደፍነው፣ ምእመኑ ሁሉ መነሻው ጠፍቶት አፉን ከፍቶ ቀረ። ጨርቁን አወጣሁና «መዝሙር ያስጀምራል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው ውሸት? እኔ እንጃ።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ የልጅ ልጆቼን ሳምልኝ፣ ሚስትህን ቦርግሂልድን ግን ሰላም ብቻ በልልኝ።

ኢንግቫል