ከአሜን በኋላ ያልተጻፈው የወይዘሮ ቀለሟ ኢፋ አደራ

ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች፣ በጸሎት ተዘግቶ ሁሉም አሜን ካለበት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ያላችሁትን በወረቀት ጻፉልኝ» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አለን? ወይዘሮ ቀለሟም እንዲያ ማለት አፍረው ነበር። ያ እፍረት የሕይወታቸው ክፍል ነውና፣ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ሌንጮ ኢፋ አይዘለውም። ቀብር ላይ እንዲህ አይባልም የሚል ካለ ጆሮውን ይያዝ።

ወይዘሮ ቀለሟ ከአባታቸው ከአቶ ኢፋ ሰርዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬኔ ጉተማ፣ ከቢላ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ሚያዝያ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ቢላ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ነቀምቴ ተከታትለው በ1973 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ።

በ1978 ዓ.ም. አንገር ጉቲን ክሊኒክ ተመድበው፣ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። አማርኛቸውን እስከ መጨረሻው የወሎ ለዛ ያልለቀቀው ለዚህ ነው። ወባ በጸናበት በአንዱ ክረምት ራሳቸው ታመው ተኙ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ክሊኒኩ ሁለት ሳምንት ተዘጋ። በዚያ ሁለት ሳምንት የሞቱትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይዘውት ኖሩ። «ሥራን በአንድ ሰው ላይ መስቀል ሰው መግደል ነው» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ዱቤ ነገራ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሕብረትንና አዶኒያስን ወለዱ። መምህር ዱቤ በ2004 ዓ.ም. ቀድመዋቸው ዐርፈዋል።

በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚያስታምም «የጎረቤት እጅ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በመመሥረታቸው ግን ኮርተው አያውቁም። የደከሙት ከእሳቸው በኋላ ለሚመሩት ለሦስት ሰዎች ነው፤ በቢላ ለነርስ ሊሊሴ፣ በአንገር ጉቲን ለሰፋሪው ልጅ ለገብረወልድ፣ በነቀምቴ ደግሞ ሱቋን ለእህቷ ትታ ለመጣችው ለኸይሪያ። ሦስቱም የየቦታቸውን የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ ያዙ። ስብሰባ በየተራ ይመራሉ፤ ወይዘሮ ቀለሟ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ። የተሳሳተውን በሰው ፊት አይገሥጹትም፤ ቤታቸው ጠርተው ግን አያድርስ ነው!

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌን ሙሉ ቢሮውን ለሦስቱ ለቀው ቢላ እህታቸው ዘንድ ይከርሙ ነበር። በመጀመሪያው ሐምሌ የማኅበሩ መኪና አንገር ጉቲን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ገብረወልድ ደወለ።

«እትዬ ቀለሟ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ የለሁም።»

«ኧረ እትዬ! ከሌሉ ታዲያ አሁን የሚያናግረኝ ማነው?»

«የዚህ ወር ኃላፊ ሊሊሴ ናት፤ እሷን ጠይቅ» ብለው ዘጉበት።

ሊሊሴ ከቢላ ሆና በስልክ ገበሬዎች አፈላልጋ መኪናዋን በበሬ አስጎተተች። ወይዘሮ ቀለሟ ያን ቀን እህል አልቀመሱም፤ ጣልቃም አልገቡም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የማኅበሩ ቦርድ፣ ከእሳቸው በኋላ ሦስቱ በጋራ እንዲመሩ ተስማማ። ሰብሳቢው አቶ ተረፋ በጸሎት ዘጉ፤ ሁሉም አሜን አሉ። ከአሜን በኋላ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ውሸታም ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሌላውን ስብሰባ ሁሉ በእጃቸው የጻፉት ሴት ያንን አንዱን ሳያስጽፉ ወጡ።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። በኅዳር፣ ሦስቱ ከኃላፊነት መነሣታቸውንና ከሌላ ከተማ አንድ ሥራ አስኪያጅ መሾሙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቦርዱ ወጣ። ኸይሪያ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አነበበችላቸው።

«አዴ፣ በጋራ ይምሩ የሚል ቃለ ጉባኤ የለም ነው የሚሉት» አለቻቸው።

«አሜን ብለዋልኮ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተያዘ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ስም አላነሡም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋቱ የሦስቱን ቦታ ቁልፍ ሰብስቦ ለአንድ ሰው የሰጠው ውሳኔ ነው። በየካቲት ለሥልጠና ሲሄድ ቁልፎቹ አብረውት ሄዱ፤ የቢላ አረጋውያን መድኃኒትና ፋሻ አሥራ አንድ ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። አንገር ጉቲን ላይ የሆነው ተመልሶ ቢላ መጣ። ይህን ለወይዘሮ ቀለሟ ለመንገር የደፈረ የለም።

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ እህት፣ አንድ ወንድም፣ እንዲሁም ያሳደጓቸውን ሦስት መሪዎች ትተዋል። የስንቱን ድኩም አልጋ ያነጠፉትን እጆች ጌታ ራሱ ባነጠፈው ያሳርፋቸው።

አቶ ተረፋ፣ ይህ ሲነበብ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ቃለ ጉባኤ የለም፤ ያን ዕለት የጸለዩት ግን እርስዎ ነዎት። አፈሩ ሳይመለስ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት ይነሡና ይመልሱ፤ አሜን ብለዋል ወይስ አላሉም?